የአቡ ሰለማ ቤት፦ የኡሑዱ ቁስለኛ ከሞተ በኋላ ቤተሰቡን ማን አነሳው?



የኡሑድ ዘመቻ ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ የምናስታውሰው በዕለቱ የወደቁትን ነው። ሐምዛን፣ ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይርን፣ ዐብዱሏህ ኢብኑ ጀሕሽን (ረ.ዐ)። ሰባ የሚሆኑ ሰሓቦች በአንድ ቀን ሸሂድ ሆነዋልና ልባችን ወደ እነርሱ ቢያደላ አይገርምም። ነገር ግን ከዚያ ሜዳ በእግራቸው ተመልሰው፣ ቁስላቸው ታስሮ ቤታቸው የገቡም ነበሩ። ከእነርሱ አንዱን ያች ቀን የገደለችው ከስምንት ወር በኋላ ነው። የሞተው ሰይፍ ሲመዘዝ ሳይሆን ቤቱ ተኝቶ፣ ሚስቱና ልጆቹ እያዩት ነው። ስሙ ዐብዱሏህ ኢብኑ ዐብዲል አሰድ ይባላል፤ ሰው የሚያውቀው አቡ ሰለማ (ረ.ዐ) በሚለው መጠሪያው ነው።

ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ጀግንነቱ አይደለም። ትቷቸው ስለሄደው ሚስቱና አራት ልጆቹ ነው። በጦር ጉዳት ታሞ የሚሞት ሰው ቤተሰብ በሁለት በኩል የመረሳት ዕድል አለው። ጦርነቱ አልፏልና ከተሰዉት ጋር ስሙን የሚጠራው ጥቂት ነው፤ ሕመሙ ረዝሟልና ሞቱ ለጎረቤት ድንገተኛ አይመስልም። እግሩን አጥቶ ወይም ጥይት በሰውነቱ ይዞ ለዓመታት ኖሮ በመጨረሻ በሕመም የሄደ ወታደር የነበረበት ሰፈር ይህን ያውቀዋል፤ በሀገራችን ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ያልነበረበት ሰፈር ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ የመዲና ሰዎች በዚህ ቤት ላይ ምን እንዳደረጉ በዝርዝር ማየቱ ይጠቅማል።

መጀመሪያ የቤቱን ሰዎች እንወቃቸው። አቡ ሰለማ የበርራ ቢንት ዐብዱልሙጦሊብ ልጅ ነው፤ ማለትም ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአክስታቸው ልጅ። በዚያ ላይ ሱወይባ የተባለችው ሴት ሁለቱንም ስላጠባች የጡት ወንድማቸውም ነበር። እስልምናን ቀድመው ከተቀበሉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ሚስቱ ሂንድ ቢንት አቢ ኡመያ፣ በኋላ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) የምንላት እናታችን፣ ከመኽዙም ጎሳ የተከበረ ቤት የተገኘች ነች። አባቷ አብረውት የሚጓዙትን ሁሉ ከራሱ ስንቅ ስለሚያበላ "የመንገደኞች ስንቅ" የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር።

እኚህ ባልና ሚስት የመካ ሰዎች ሲበረቱባቸው ወደ ሀበሻ ከተሰደዱት ውስጥ ናቸው። ጃዕፈር በነጃሺ ፊት ቆሞ የተናገረውን ዛሬ በዝርዝር የምናውቀው በአብዛኛው ኡሙ ሰለማ ስለተረከችልን ነው። እኛ አበሾች ለዚች ሴት ባለ ዕዳ ነን፤ ንጉሣችንን ለታሪክ ያስተዋወቀችው እሷ ናትና።

ወደ መካ ተመልሰው እንደገና ወደ መዲና ሲሰደዱ የደረሰባቸው ለዛሬው ርዕሳችን ወሳኝ ነው። አቡ ሰለማ ሚስቱንና ትንሹን ሰለማን ግመል ላይ አውጥቶ ሲነሳ የሚስቱ ዘመዶች መንገድ ላይ ደርሰው እሷን ነጠቁት። ይህን የሰሙት የእሱ ዘመዶች ደግሞ ተናደው ልጁን ከእናቱ ጎተቱ፤ በጉተታው መሃል የሕፃኑ ክንድ ወለቀ። አባት መዲና፣ እናት መካ በዘመዶቿ እጅ፣ ልጅ በአባቱ ዘመዶች እጅ። ኡሙ ሰለማ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በየቀኑ ወደ አብጠሕ እየወጣች እስኪመሽ ታለቅስ ነበር። በመጨረሻ ከአጎቷ ልጆች አንዱ አዘነላትና ለቀቋት፤ ልጇም ተመለሰላት። ብቻዋን ልጇን ታቅፋ ተነሳች። ተንዒም ላይ ያገኛት ዑስማን ኢብኑ ጦልሓ፣ ያኔ ገና ሙስሊም ያልሆነ ሰው፣ ግመሏን እየሳበ ቁባእ ድረስ አደረሳት።

ይህን ያነሳሁት ለትረካው ውበት አይደለም። ባሏ ሲሞት ይህች ሴት መዲና ውስጥ የሚሰበሰብላት ጎሳ አልነበራትም። ኡሑድ ላይ የቁረይሽን ፈረሰኞች ይዞ ሙስሊሞችን ከጀርባ የመታው ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ፣ በኋላ የአላህ ሰይፍ የተባለው፣ የአጎቷ ልጅ ነበር። ዘመዶቿ ባሏን ካቆሰለው ጦር ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ጎሳ ማለት መጠለያም፣ ዳኛም፣ ጡረታም ነው። እሷ ሦስቱንም አጥታ ነበር።

አቡ ሰለማ በድር ላይ ተዋግቷል። ከዚያም በፊት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዑሸይራ ዘመቻ ሲወጡ መዲናን እንዲጠብቅ ተክተውት ነበር። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ ሸዋል ወር ኡሑድ ላይ አቡ ኡሳማ አልጁሸሚ የተባለ ተዋጊ የወረወረው ቀስት የላይኛው ክንዱን መታው። የታሪክ ጸሐፊው ኢብኑ ሰዕድ እንደዘገበው አንድ ወር ያህል ሲታከም ቆየ። ቁስሉ የዳነ መሰለ። ላዩ ተገጣጥሞ ውስጡ ግን አልሻረም ነበር፤ ይህን ማንም አላወቀም።

በ4ኛው ዓመት ሙሐረም ላይ 150 ሰዎችን መርቶ በኒ አሰዶች ወደሚኖሩበት ወደ ቀጠን እንዲዘምት ታዘዘ። ሄደ፤ ተልዕኮውን ፈጸመ፤ ተመለሰ። ሲመለስ ግን ያ ቁስል አገረሸ። ከዚያ በኋላ የተኛ አልተነሳም። በዚያው ዓመት ጁማደል ኣኺራ ላይ አረፈ።

ሕመሙ ጊዜ ሰጥቶት ነበርና ስለ ነገ ከሚስቱ ጋር ማውራት ችሏል። ኢብኑ ሰዕድ ያስቀመጠው አንድ ዘገባ አለ። ኡሙ ሰለማ አንዳቸው ከሞቱ ሌላው ዳግም እንዳያገባ ቃል እንግባ ብላ ጠየቀችው፤ ጀነት ውስጥ አብረው እንዲሆኑ ተመኝታ ነው። እሱ ግን ቃሉን አልሰጣትም። ትታዘዘው እንደሆነ ጠየቃትና፣ ከሞተ እንድታገባ ነገራት። ቀጥሎም ከእሱ የተሻለ፣ የማያሳዝናትና የማያንገላታት ባል አላህ እንዲሰጣት ዱዓ አደረገላት። አራት ልጅ ያላት ሴት በዚያ ከተማ ብቻዋን ምን እንደሚጠብቃት ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ዛሬ በሽተኛ አጠገብ ስለ ሞት ማውራት እንደ ሟርት ይታያል። ኑዛዜው፣ ዕዳው፣ የልጆቹ ነገር ሁሉ ሳይነሳ ሰውየው ይሄዳል፤ ከዚያ ቤተሰቡ በጨለማ ይዳብሳል።

የሞቱን ሰዓት ኡሙ ሰለማ ራሷ ነግራናለች፤ ዘገባው ሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲገቡ ዓይኑ ፈጥጦ ቀርቶ ነበር። በእጃቸው ከደኑት፤ ሩሕ ስትወጣ ዓይን እንደሚከተላትም ተናገሩ። ይኼኔ የቤቱ ሰዎች ጮኹ። እርሳቸውም በራሳቸው ላይ ክፉ እንዳይጠሩና መልካም ብቻ እንዲናገሩ፣ መላእክት በሚሉት ላይ ኣሚን እንደሚሉ ነገሯቸው። ከዚያ ዱዓ አደረጉ። ብዙዎቻችን የዚህን ዱዓ መጀመሪያ እናውቃለን፦ ምሕረት እንዲደረግለት፣ ደረጃው ከፍ እንዲል፣ ቀብሩ እንዲሰፋና እንዲበራ ይለምናል። መሃሉ ላይ ያለችውን ግን ብዙ ጊዜ በፍጥነት እናልፋታለን። በኋላው ለቀሩት ቤተሰቦቹ አላህ ራሱ ተተኪ እንዲሆንላቸው የጠየቁባት ናት። ጀናዛው ገና ሳይነሳ ስለ ቀሪዎቹ ተለመነ።

ኡሙ ሰለማ ቀጥላ የምትነግረን ደግሞ ያለ ይሉኝታ ነው። ባሏ ባዕድ ሀገር የሞተ እንግዳ ሰው ነውና ሰው ሁሉ የሚያወራለት ለቅሶ ላለቅስለት ተዘጋጀሁ ትላለች። ከላይኛው መዲና አንዲት ሴት እሷን ልታግዝ መጣች። ይህ እንግዲህ የዘመኑ ወግ ነው፤ ሴቶች በለቅሶ ይረዳዱ ነበር፣ ዛሬ አንቺ ካለቀስሽልኝ ነገ እኔ አለቅስልሻለሁ የሚል ብድር ነበረው። እኛም ሀገር ሙሾ አውራጅ ያለበትን ለቅሶ ያየ ሰው አይጠፋውም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሴትዮዋን መንገድ ላይ አገኟት፤ አላህ ሸይጣንን ካስወጣበት ቤት ልታስገቢው ትፈልጊያለሽን በሚል መንፈስ ሁለት ጊዜ መለሷት። ኡሙ ሰለማም ያሰበችውን ለቅሶ ተወች።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሐዲስ እየጠቀሰ ሐዘንተኛን አታልቅስ ብሎ ይቆጣል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት እንባቸው ፈሷል። የተከለከለው እንባ ሳይሆን ትርዒቱ ነው። ሐዘንተኛዋ ላይ ለቅሶ እንደ ሥራ ሲጫንባት፣ መንደሩ ሁሉ ተሰልፎ ሲመጣ እንደገና እየተነሳች መጮህ ሲኖርባት ማለት ነው። አራት ልጆች ያሏት፣ ወራት ሙሉ በሽተኛ ስታስታምም የከረመች ሴት ጉልበቷን ለዚያ ማዋል አልነበረባትም። እኔ ክልከላውን ለእሷ እንደተሰጠ ዕረፍት ነው የማነበው።

ምግቡስ? የሐዘን ቤት ምን ይበላል የሚለው ድንጋጌ በግልጽ የተነገረው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሌላ የሀበሻ ስደተኛ ቤት ላይ ነው። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በ8ኛው ዓመት ሙእታ ላይ ሲሰዋ ሚስቱ አስማእ ቢንት ዑመይስ ገና አልሰማችም ነበር። ቆዳዎቿን አልፍታ፣ ሊጧን አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባና ቅባት ቀብታ ባሏን እየጠበቀች ሳለ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገቡ። ልጆቹን አስጠርተው አቀፏቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ወጥተው ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ፤ ምክንያቱንም ጨመሩ፦ የሚያስጨንቃቸው ነገር መጥቶባቸዋል። ሊጡ ቤት ውስጥ ተቦክቶ እንደነበር ልብ በሉ። ጎደሎው ዱቄት ሳይሆን የምትጋግረው ሴት ልብ ነው። አስማእ የልጆቿን የቲምነት ስታነሳም በዱንያም በኣኺራም ኃላፊያቸው እርሳቸው ሆነው ሳለ ድህነት እንዳትፈራላቸው ነገሯት።

ዓኢሻ (ረ.ዐ) ደግሞ ዘመድ ሲሞትባት የነበራት ልማድ ቡኻሪ ላይ ተመዝግቧል። ሴቶቹ ተሰብስበው ቆይተው ሲበተኑ፣ የቅርብ ሰዎች ብቻ ሲቀሩ፣ ተልቢና ታስጥድ ነበር። ተልቢና ከዱቄት የሚሠራ ቀጭን ነገር ነው፤ የእኛን አጥሚት ያስታውሳል። የሐዘንተኛን ልብ እንደሚያሳርፍ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምታለች። ሰው የሚበተንበት ሰዓት እንደነበረም ከዚህ ዘገባ እንረዳለን። እኛ ጋ ግን ብዙ ቦታ ነገሩ ተገልብጧል። ድንኳን ይተከላል፣ በግ ይፈለጋል፣ ሐዘንተኛው ቤት ለመጣው ሁሉ ያበላል፣ የሟች ሚስት ከወጥ ቤት አትወጣም። ከሰሓቦቹ አንዱ የሆነው ጀሪር አልበጀሊ ከቀብር በኋላ ሟች ቤት ተሰብስቦ ምግብ ማሰናዳትን ከሙሾ እንደሚቆጥሩት መናገሩ ተዘግቧል። ለነገሩ የወሎ ቅሬም ሆነ የከተማው እድር ሲመሠረት ሸክሙን ከሐዘንተኛው ላይ ለማንሳት ነበር፤ ዛሬም እህል ይዞ የሚመጣ ጎረቤት አልጠፋም።

ወደ ኡሙ ሰለማ እንመለስ። በሙሲባ ጊዜ የሚባለውን ዱዓ፣ በደረሰብኝ አጅር ስጠኝ፣ የተሻለውንም ተካልኝ የሚለውን ማለት ነው፣ ከራሱ ከአቡ ሰለማ ሰምታዋለች። እሱ ሲሞት ዱዓውን አለች፤ ግን ልቧ ከአቡ ሰለማ ማን ይሻላል እያለ ይሞግታት ነበር። ይህንንም አልደበቀችንም። ሶብር ማለት ጥያቄ አለመኖር ቢሆን ኖሮ ይህ ዘገባ ባልደረሰን።

አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳዋ እስኪያልቅ ማንም ስለ ጋብቻ አላነሳባትም። ሲያልቅ አቡበክር (ረ.ዐ) ጠየቃት፤ እምቢ አለች። ቀጥሎ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መልእክተኛ ላኩ። እሷ ግን እሺ ለማለት አልተጣደፈችም። ቀናተኛ መሆኗን፣ ልጆች እንዳሏት፣ ከወኪሎቿም መዲና ውስጥ ማንም እንደሌለ ዘረዘረች። ከላይ ያልነው የጎሳ ነገር እዚህ ላይ በራሷ አንደበት መጣ። እርሳቸውም አንድ በአንድ መለሱ፤ ቅናቱን አላህ እንዲያስወግድላት እንደሚለምኑ፣ የልጆቿ ነገር እንደማያሳስባት፣ ከወኪሎቿም ቅርብም ይሁን ሩቅ ይህን የሚጠላ እንደሌለ። በዚያው ዓመት ሸዋል ላይ ተጋቡ። ባል የሞተባት ሴት እርዳታ ስለፈለገች ብቻ የቀረበላትን ሁሉ መቀበል ግዴታዋ አልነበረም። አንዱን እምቢ አለች፤ ለሌላው ጥያቄ አቀረበች፤ ሁለቱም ተከበረላት።

የገባችበት ክፍል ከጥቂት ጊዜ በፊት የሞተችው የዘይነብ ቢንት ኹዘይማ ነበር። እሷም ባሏን በጦርነት ያጣች፣ ለድሆች ካላት ርኅራኄ የተነሳ የሚስኪኖች እናት የተባለች ሴት ነች። ኢብኑ ሰዕድ እንደሚያወሳው ኡሙ ሰለማ እዚያ በእንስራ ጥቂት ገብስ፣ የእጅ ወፍጮ፣ ድስትና ትንሽ ስብ አገኘች። በሠርጓ ሌሊት ገብሱን ፈጭታ ገንፎ አገነፋች። የዚያ ሌሊት እራት ይኸው ነበር። ቤተሰብ ማንሳት ሲባል ሀብት የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ገብስ ያስብ።

ዘይነብ የምትባለው የአቡ ሰለማ ልጅ ያኔ ጡት ትጠባ ነበር። (ሀበሻ ነው የተወለደችው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ የጡቱ ዘገባ ግን ከዚያ ጋር አብሮ ለመሄድ ይቸግረዋል።) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤት ሲመጡ ኡሙ ሰለማ ሕፃኗን ታቅፋ ስታጠባ ያገኟታል፤ አፍረው ይመለሳሉ። ይህ ሲደጋገም ነገሩ የገባው ዓማር ኢብኑ ያሲር (ረ.ዐ) ነው። መጥቶ ሕፃኗን ወሰዳትና አሞግዚት ፈለገላት። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመጡ ክፍሉን ቃኝተው በቁልምጫ ዘይነብ የት ሄደች ብለው መጠየቃቸው ተዘግቧል። ዓማር ምንም ያልተነገረውን አይቶ የሚያስፈልገውን ያደረገ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ያገኛል።

ወንድሟ ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ ደግሞ ሲበላ እጁ ትሪው ላይ ይዞር ነበር። አንድ ቀን አብረውት ሲበሉ ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኝ እጁና ከፊቱ እንዲበላ አስተማሩት። ይህን ሐዲስ መድረሳ የገባ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ሕፃኑ የማን ልጅ እንደነበርና ለምን ከእርሳቸው ትሪ ይበላ እንደነበር ግን ስንቶቻችን አስበናል? አባቱ የኡሑድ ቁስለኛ ስለነበረ ነው። ያ የቲም ሲያድግ ከዚያች ቀን ጀምሮ አበላሉ እንደዚያ ሆኖ መቅረቱን ተናግሯል።

ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ኡሙ ሰለማ አንድ ቀን የጠየቀችው ጥያቄ ነው። በአቡ ሰለማ ልጆች ላይ ለማወጣው አጅር አለኝን አለች፤ እንዲህና እንዲያ አድርጌ አልተዋቸውም፣ ልጆቼ ናቸውና። መልሱ አዎን ነበር፤ ላወጣችው ሁሉ አጅር እንዳላት። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። እናት ልጆቿን መመገቧ ግዴታ ነውና ማን ያመሰግናታል ብላ ነው የጠየቀችው። ደግሞ ተመልከቱ፣ ዓመታት አልፈው፣ በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ሆና፣ ልጆቹን የምትጠራቸው "የአቡ ሰለማ ልጆች" ብላ ነው። ስማቸውም እስከ መጨረሻው ወደ አባታቸው እንደተጠጋ ቀረ። አዲስ አሳዳጊ ሲመጣ የሟቹ ስም ከቤቱ አልተፋቀም።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካለፉ በኋላም ነገሩ አላበቃም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በኸሊፋነቱ ዘመን የደመወዝ መዝገብ፣ ዲዋን የሚባለውን፣ ሲያደራጅ ለሙሃጂሮችና ለአንሷሮች ልጆች ለእያንዳንዳቸው 2000 ዲርሃም መደበ። ቃዲው አቡ ዩሱፍ እንደዘገበው ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ ተራው ሲደርስ አንድ ሺህ ጨምሩለት አለ። ይኼኔ ሙሐመድ ኢብኑ ዐብዱሏህ ኢብኑ ጀሕሽ ተቃወመ። የእሱ አባት እኛ አባቶች ያልነበራቸው ምን ነበረው ነው የሚለው። ይህ ሰው ደግሞ ኡሑድ ሜዳ ላይ የተሰዋው የዐብዱሏህ ኢብኑ ጀሕሽ ልጅ ነው። ከሊፋው ለአባቱ ለአቡ ሰለማ 2000 እንደሰጠው፣ ሺሁን የጨመረው ግን በእናቱ በኡሙ ሰለማ ምክንያት እንደሆነ መለሰለት፤ እንደ እሷ ያለች እናት ካለችህ ለአንተም እጨምራለሁ በማለት።

እውነቱን ለመናገር የተቃዋሚው ቅሬታ ቀላል አይደለም። ሜዳ ላይ የወደቀ አባት ያለው የቲም፣ ቤቱ ታሞ ከሞተ አባት ልጅ ለምን ያንሳል? መልሱ ግን የአባቶቹን ሞት አላበላለጠም። ሁለቱም አባቶች እኩል 2000 ተቆጠረላቸው፤ አንዱ በሰይፍ፣ ሌላው ከወራት በኋላ ባገረሸ ቁስል ሞተ ተብሎ የተቀነሰ የለም። በዚያ ላይ እናቲቱ ያሳለፈችው በገንዘብ ተተምኖ መዝገብ ላይ ገባ።

ይኸው ዑመር አንድ ቀን ወደ ገበያ ሲወጣ አንዲት ወጣት ሴት ተከትላ አስቆመችው። ባሏ መሞቱን፣ ትንንሽ ልጆች እንደተወባት፣ የሚቀቅሉት የበግ እግር እንኳ እንደሌላቸው፣ እርሻም የሚታለብም እንደሌላቸው ነገረችው። ጅብ እንዳይበላቸው እንደምትፈራም ጨመረች። በዐረብኛ ጅብ የሚለው ቃል ለድርቅ ዓመትም ይውላልና የትኛውን እንዳለች ለማወቅ አያስቸግርም። አባቷ ኹፋፍ ኢብኑ ኢማእ አልጊፋሪ፣ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሑደይቢያ የነበረ ሰው እንደሆነ ነገረችው። ዑመር መንገዱን አቁሞ ሰማት። ከዚያ ቤቱ ታስሮ ወደነበረ ብርቱ ግመል ሄዶ ሁለት ጆንያ እህል ጫነበት፤ በመሃላቸው ገንዘብና ልብስ አደረገ፤ ልጓሙን በእጇ ሰጥቶ ይህ ሳያልቅ አላህ መልካም እንደሚያመጣላት ነገራት። አንድ ሰው በጣም አበዛህላት አለው። ዑመር ገሠጸው። አባቷና ወንድሟ አንድን ምሽግ ለረጅም ጊዜ ከበው ሲከፍቱ በዓይኑ አይቷል፤ ዛሬ እነሱ ባስገኙት ድርሻችንን የምንወስደው እኛ ነን ነው ያለው። ቡኻሪ ዘግቦታል። ሰውየው ምጽዋት የመሰለው ነገር ለዑመር ዕዳ መክፈል ነበር።

አሁን የቀረችን ዘይነብ ናት፣ ዓማር ያነሳት ሕፃን። አድጋ በመዲና ከታወቁት የፊቅህ አዋቂ ሴቶች አንዷ ሆነች። እንደ ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር ያሉ ታላላቅ ሰዎች ከእሷ ዘግበዋል። ባል የሞተባት ሴት ስንት ጊዜ ታዝን፣ ሌላ ዘመድ ለሞተበትስ ስንት ቀን ይፈቀዳል የሚሉት ታዋቂ ሐዲሶች በቡኻሪም በሙስሊምም የመጡት በእሷ በኩል ነው። ከእነዚህ አንዱን የሰማችው ከእናቷ ከኡሙ ሰለማ ነው። አንዲት እናት ባሏ የሞተባት ልጇ ዓይኗን አሟት ኩል እንድትቀባ ልታስፈቅድ መጥታ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልፈቀዱም፤ ጊዜው አራት ወር ከአሥር ቀን ብቻ እንደሆነ፣ በጃሂሊያ ግን አንዷ ዓመት ሲሞላት በጠጥ እንደምትወረውር አስታወሱ።

በጠጥ መወርወሩ ምን እንደሆነ ዘይነብን ጠየቋት፤ ዘረዘረችው። በጃሂሊያ ዘመን ባሏ የሞተባት ሴት ጠባብ ጎጆ ትገባለች። ያላትን አሮጌ ልብስ ትለብሳለች። ዓመት እስኪሞላ ሽቶ አይነካትም። ከዚያ አህያ ወይም በግ ወይም ወፍ ያመጡላትና ሰውነቷን ታሻሽበታለች፤ የታሸችበት እንስሳ ሳይሞት የሚቀረው ጥቂት ነው። ከጎጆው ስትወጣ በጠጥ ይሰጧትና ትወረውረዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሰው የምትመለሰው። ይህን ለጠያቂዎቿ ስታስረዳ፣ የራሷ እናት ከዒዳዋ በኋላ የገባችው ገብስ፣ ወፍጮና ድስት ወዳለበት ክፍል ነበር።